ማገጥ፣ ሙጃና የመርጫ ዕቃ፦ የመስከረም መኖአችን ታሪክ በሀዲያና በከምባታ

ይህ መጽሔት የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የሚወጣ እንደመሆኑ መጠን፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ እንደተሰበሰበና የትርፍ ድርሻው ምን ላይ እንደደረሰ ለማንበብ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ በሌሎች ገጾች ቀርቧል። እኔ ግን ታሪክ እንድጽፍ ስለተጠየቅሁ፣ በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባዔ በሚቀርበው ሪፖርታችን ላይ አንድም ጊዜ ስሙ ተነሥቶ ስለማያውቅ ተክል ለመጻፍ ወሰንኩ። ይኸውም ማገጥ ነው።

ማገጥን የማያውቅ አርሶ አደር የለም፤ ስሙን ግን ሁሉም በየቋንቋው ይጠራዋል። ኦሮሞዎች ሲዲሳ ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ትሪፎሊየም ሲሆን ትርጉሙ ሦስት ቅጠል ማለት ነው። ፈረንጆች ክሎቨር ብለው ለከብት መኖ በሰፊው የሚዘሩት ተክል የዚሁ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ከሃያ በላይ የማገጥ ዓይነቶች የሚገኙበት ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በሌላ አገር ጨርሶ የማይበቅሉ አሉ። ክረምቱ ሲገባ ይበቅላል፤ በመስከረም ሐምራዊና ነጭ አበባውን ያወጣል፤ በኅዳር ዘሩን ያራግፋል። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ሁሉም በአንድ ዓመት አይበቅልም። ከፊሉ አፈር ውስጥ ተኝቶ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይቆያል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ሌላው መኖ ሲበሰብስ እሱ ይለመልማል።

በእኛ አካባቢ የመስከረም ወር ትርጉም ለማንም የሚነገር አይደለም። ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ያከብራል። አተካናው የሚሠራው በቅቤ ነው፤ የሚታረደውም በሬ ሲቀለብ የከረመ መሆን አለበት። ቅቤውም ሥጋውም የሚመጣው ከሐምሌ እስከ መስከረም ላሚቱና በሬው ከበሉት ነው። ስለዚህ ስለ ማገጥ መጻፍ ስለ ተራ ሣር መጻፍ ነው የሚል ካለ፣ በበዓሉ ማግሥት የቅቤውን ቅል እንዲጠይቅ እጋብዘዋለሁ።

ከግጦሽ ወደ ማረሻ

የሀዲያ ሕዝብ ቀደም ባለው ዘመን በአብዛኛው ከብት አርቢ እንደነበረ፣ ወደ እንሰትና ወደ በሬ ማረሻ የገባውም ቀስ በቀስ መሆኑን አባቶች ይናገራሉ። ጀርመናዊው የታሪክና የባህል አጥኚ ኡልሪሽ ብራውኬምፐርም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የሀዲያ ታሪክ መጽሐፉ ይህንኑ አስፍሯል። ከብት ሀብትም ክብርም በነበረበት በዚያ ዘመን የግጦሽ መሬት ሰፊ ስለነበር ማገጥን ለይቶ የሚያስብ አልነበረም፤ ከሣሩ ጋር ይበላል፣ ይበቃል። በከምባታ በኩል እንሰቱ ቀደም ብሎ ሥር የሰደደ ስለሆነ ከብቱ በጓሮ አጠገብ ይታሰራል፤ ፍጉም ለእንሰቱ ይውላል። በሁለቱም ዘንድ ግን እዳሪ መሬት ነበር። ማሳ ሁለትና ሦስት ዓመት ታርሶ ያርፋል፤ ባረፈበት ዓመት ማገጥ ይለብሳል።

እዚህ ላይ የአርሶ አደሩ አስተዋይነት ሊነሣ ይገባል። ማገጥ ለብሶ የከረመ መሬት በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ገብስ እንደሚያበቅል ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በሳይንስ ቋንቋ የነገረው አልነበረም። ተክሉን ነቅላችሁ ሥሩን ብትመለከቱ የጤፍ ፍሬን የሚያክሉና ከዚያም ከፍ የሚሉ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ፣ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ እየሰጡ ነው ማለት ነው። ዛሬ በዩሪያ ከረጢት የምንገዛው ንጥረ ነገር ይኸው ናይትሮጅን ነው። በእንግሊዝ አገርም በ18ኛው ምዕተ ዓመት ኖርፎክ በተባለው አውራጃ የታወቀው የሰብል ፈረቃ ተርኒፕ፣ ገብስ፣ ክሎቨር፣ ስንዴ እያለ የሚዞር ነበር። እዳሪውን በክሎቨር በመተካታቸው ከብታቸውም እህላቸውም አደገላቸው።

በእኛ አገር ግን እዳሪው በክሎቨር አልተተካም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። ሕዝቡ በዛ፣ መሬቱ ጠበበ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ አላቆታል፤ ይህ የማይካድ ነው። የሕዝቡን ቁጥርና የመሬቱን ስፋት ግን አዋጅ አይለውጠውም። ዛሬ በከምባታ ደጋ አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው አባወራ ብዙ ነው። ከዚያ ላይ መሬት የሚያሳርፍ ማን ነው?

ማዳበሪያና ኬሚካል ሲገቡ

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር አጠራሩ ካዱ፣ ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና የአረም ኬሚካልን ለአነስተኛ አርሶ አደር በማቅረብ በር ከፋች ነበር። በጎረቤታችን በወላይታም በዓለም ባንክ ድጋፍ ዋዱ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀመረ። ቀጥሎ በ1964 ዓ.ም. ገደማ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም ሲመጣ ዳፕና ዩሪያ ወደሌሎች አካባቢዎች መዳረስ ጀመሩ።

ከማዳበሪያው ጋር የመጣው የአረም ኬሚካል ቱፎርዲ ነው። ይህ ኬሚካል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በዓለም ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ጠባዩ ቅጠለ ሰፊውን አረም መግደልና ሣር መሰሉን መተው ነው። ስንዴና ገብስ ሣር መሰል ስለሆኑ ይተርፋሉ። መጭ፣ ቱልት፣ አሽክት የመሳሰሉት ይደርቃሉ። ማገጥም ቅጠለ ሰፊ ነው። በነሐሴ ወር ስንዴው ግንድ ሲያበዛ ስንረጭ፣ ማገጡ ገና ሦስተኛ አራተኛ ቅጠሉን እያወጣ ያለ ለጋ ነው።

ይህን ነገር እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለጋ የእርሻ ሠራተኛ ሆኜ በሆሳዕና ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ ተመድቤ ነበር። በዚያን ጊዜ በ1970 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 138 መሠረት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እየተደራጀ ስለነበር፣ የጋራው ማሳ አረም እንዳይኖርበት በብርቱ እንፈልጋለን። መርጫውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ድንበሩን፣ የውሃ መውረጃውንና ከማሳው ጋር የሚዋሰነውን ሣር ሁሉ ረጨሁ። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አንዲት እናት መጡና ዳር ላይ ቆመው ዝም ብለው ተመለከቱ። በሀዲይሳ የተናገሩኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «ልጄ፣ እህሉን ለመንግሥት አረምክ፤ የላሜን ምሳ ግን ገደልክብኝ» የሚል ነበር። «እማማ፣ አረም እኮ ነው» አልኳቸው። «ለአንተ» ብለውኝ ሄዱ።

ያች ላም በዚያ ዓመት ለመስቀል ቅቤ ሰጥታ እንደሆነ ሄጄ አልጠየቅሁም፤ አፍሬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንጂ የኬሚካሉም የላኩኝም አለቆች አልነበረም። የተሰጠኝ መመሪያ ማሳውን እርጭ የሚል እንጂ ድንበሩን የሚል አልነበረምና።

ሳይንሱ ዘግይቶ የነገረን

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ ዋና ጽሕፈት ቤቱ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ የአገራችንን ማገጦች እየሰበሰበ ያጠና ነበር። ኢልካ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ሲሆን በኋላ ናይሮቢ ከነበረው ወንድም ተቋም ጋር ተዋህዶ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ኢልሪ በሚል ስም ይሠራል። ተመራማሪዎቹ ካገኟቸው ነገሮች ዋነኛው፣ የአገራችን ማገጥ ፎስፈረስ ሲያገኝ እጅግ እንደሚጨምር ነው። በስንዴ ሥር አብሮ ማብቀልም እንደሚቻል በሙከራ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያሳዝናል። ዳፕ ከመቶው 46 እጅ ፎስፌት የያዘ ማዳበሪያ ነበር። ይህ ማለት ማገጥ ለዘመናት ያጣውን ምግብ አርሶ አደሩ በገንዘቡ ገዝቶ ማሳው ውስጥ ጨመረለት ማለት ነው። ማገጡም ጎልምሶ ሳያበቃ በስድስተኛ ሳምንቱ ቱፎርዲ ተረጨበት። በአንድ እጃችን አጉርሰን በሌላው አነቅነው። በኋላ ዳፕን የተካው ኤንፒኤስም ከመቶው 38 እጅ ፎስፌት ስላለው ነገሩ አልተለወጠም።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ የበለጠ ዋጋ አስከፍሎናል። ቱፎርዲ በተደጋጋሚ ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ሲቀንስ ቦታውን ሣር መሰሉ አረም ይወርሰዋል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ሙጃና ሲናር እንዴት እንደበዙ የምርምር ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። በእኛም ማሳ ያየነው ይኸንኑ ነው። ሙጃ ከስንዴው ጋር አብሮ በቅሎ፣ ከስንዴው ቀድሞ ዘሩን ያራግፋል። ሲናርማ በልጅነቱ ከስንዴ ስለማይለይ አራሚው ሳያውቅ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ሣር መሰሉን ብቻ የሚገድሉት እንደ ፑማ ሱፐርና ቶፒክ ያሉት፣ ቆይቶም ሁለቱንም ዓይነት የሚነካው ፓላስ መጡ። ከቱፎርዲ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ኪስ ይጎዳል። ኬሚካል ተራራ እንደሚወጣ መንገድ ነው፤ አንዱን ጥምዝ ስትጨርስ ሌላው ይጠብቅሃል።

ለነገሩ ሙጃም ቢሆን ለከብት ጥሩ መኖ ነው። እናቶቻችን ማሳ ሲያርሙ ከነቀሉት ውስጥ የሚበላውን ለይተው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤት ይወስዱ ነበር፤ ዛሬም ይወስዳሉ። እጅ ማረም የሚለውን ሥራ በሰው ቀን ብቻ ቆጥረን ውድ ነው የምንለው፣ ያ ሸክም መኖ በመዝገባችን ላይ ስለሌለ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሂሳብ ክፍል ወንድሞቼ ቢቀየሙኝም አልመለስም። በእርግጥ ኬሚካል ከተረጨበት ማሳ የታጨደ አረም ለከብት መስጠት በዕቃው ላይ የተጻፈው የቀን ገደብ ሳያልፍ አይገባም። ይህን የሚያነብ ግን ስንት ነው? ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጉንዳን እግር ነው የሚጻፈው።

ማኅበራቱ ከተመለሱ በኋላ

የደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት ከፈረሱ በኋላ ኅብረት ሥራ የሚለው ቃል ራሱ ሰውን የሚያስደነግጥ ሆኖ ነበር። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረቱ መሠረታዊ ማኅበራትና በላያቸው ዩኒየኖች መቋቋም ቻሉ። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ደግሞ ያንን ተክቶታል። የእኛም ዩኒየን የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ኬሚካል ለአባሉ በቅርበት ማድረስ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ማዳበሪያ ፍለጋ በነጋዴ ደጅ የቆመ ሰው ይህን አይረሳም።

ነገር ግን የመጋዘናችንን መደርደሪያ ስመለከት አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኬሚካሉ በሦስትና በአራት ዓይነት ተደርድሯል። የመኖ ዘር የተቀመጠበት ማዕዘን የለም። ሥራ አስኪያጆቻችንን ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፦ ኬሚካል ይሸጣል፤ የመኖ ዘር የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ የሌለው ግን ያላየውን ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ በጉባዔ ላይ ተነሥቼ ተናግሬ ተስቆብኛል። አንድ አባል «ጋሼ፣ ለአረም ዘር ልንገዛ ነው?» ብሎኝ ነበር። የሳቀውን ሰው አልወቅሰውም፤ እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ።

ስለ መኖ ያልተሠራ ነገር የለም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በጓሮ መኖ፣ በድንበር ላይ መኖና በሰብል ሥር የሚዘራ መኖን በአገር አቀፍ ደረጃ አስተዋውቋል። ከጨንቻ ደጋ የተነሣው ደሾ ሣር ዛሬ በየእርከናችን ላይ ይታያል። በለሞ ወረዳ በላይኛው ጋናና በጃዌ ቀበሌዎች አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከአርሶ አደሮች ጋር አጃና ጓያ መሰሉን ቬች አደባልቆ መዝራትን፣ ትሪ ሉሰርንና የከብት ቀይ ሥርን ሞክሯል። በዶዮገና የታወቀውን በግ በማኅበረሰብ ደረጃ የማሻሻል ሥራም ብዙ ጎብኚ አይቶታል። በግ ሲሻሻል መኖውስ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆሳዕና ሆናለች፤ የወተትና የሥጋ ፈላጊውም ቁጥር በከተማዋና በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በሾኔ መጨመሩን ለማየት ገበያ መውጣት ይበቃል።

በመስከረም የሚሠራው

የማገጥ ማሳ፣ ማለትም ለመኖ ተብሎ የተከለለ ቁራሽ መሬት፣ እንደ ስንዴ አይያዝም። ፈረንጆቹም በእነሱ መፀው የክሎቨር ማሳቸውን ከአረም ሲጠብቁ መጀመሪያ የሚያነሡት ኬሚካል ሳይሆን ማጭድ ነው። ረዘም ብሎ የወጣውን አረም አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ከማገጡ ከፍ አድርጎ መከርከም፣ ማገጡን ብርሃን ይሰጠዋል፤ አረሙንም ዘር ያሳጣዋል። ሙጃው ከመስከረም መጨረሻ ካለፈ ዘሩ መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማጨድ መኖ ያስገኛል እንጂ አረም አይቀንስም። ቱልትን መከርከም አይበቃም፤ ሥሩ ካልተነቀለ ይመለሳል። አፈሩ ገና እርጥብ እያለ መንቀሉ ይቀላል። እንግጫ ያለበትን ቦታ ግን በእጅ እጨርሰዋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ ያንን ቦታ ለሌላ ነገር መተው ይሻላል።

ዩሪያ በማገጥ ላይ መበተን አያስፈልግም። ናይትሮጅኑን ራሱ ያመጣዋል፤ ዩሪያው የሚያሳድገው አብሮት ያለውን ሣር ነው፤ ሣሩም ይሸፍነዋል። የሚያስፈልገው ፎስፈረስ ነው። በደጋችን ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ፎስፈረሱን ጭምር አስሮ ይይዘዋል፤ የሥሩንም ባክቴሪያ ይጎዳል። ስለዚህ ለስንዴና ለባቄላ ተብሎ ኖራ የተጨመረበት ማሳ ለማገጥም ይመቸዋል። ሥሩን ነቅሎ እብጠቶቹን መሰንጠቅ ርካሽ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆነው ካገኛችሁት አንድ ነገር ጎድሏል።

አንድ አደጋ አለ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ትልቅ ጥፋት ይሆንብኛል። ለምለም ማገጥ በጠዋት ጤዛ ላይ ለተራበ ከብት ከተለቀቀ ሆድ ይነፋል፤ በግም በሬም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት በዚህ የሚሞቱ ከብቶች አሉ። አስቀድሞ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ማብላት፣ ጤዛው እስኪደርቅ መጠበቅ፣ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ማስገባት ይገባል። የተነፋ ከብት ካጋጠመ የምግብ ዘይት አጠጥቶ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። አጭዶ፣ ጠውለግ አድርጎ፣ ከገለባ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ከሁሉ ይሻላል። ለድርቆሽ የሚታጨደው ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ሲሆን፣ ሲደርቅ ቅጠሉ ስለሚረግፍ መገልበጥ ያለበት በማለዳ ነው። የቀትር ፀሐይ ላይ የሚገለብጥ ሰው ቅጠሉን ለመሬት፣ ግንዱን ለላሙ ይሰጣል።

ስንዴውን በተመለከተ ኬሚካል ተዉ አልልም። መጭ የወረረውን ማሳ አይቼ እንዲህ ብል ዋሾ እሆናለሁ። የምለው፣ መርጫው ማሳው ጫፍ ሲደርስ ይዘጋ። ድንበሩ፣ የውሃ መውረጃው፣ የእርከኑ ጠርዝ ይትረፍ። በአንድ ጥማድ ዙሪያ ያለው ድንበር ተቀጣጥሎ ሲለካ ቀላል መሬት አይደለም፤ ማገጡም ለዘር የሚሆነው እዚያ ነው። አንድ ቁና የማገጥ ዘር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኅዳር አበባው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲታሽ ሲፈረፈር፣ ረፋድ ላይ አናቱን ቆርጦ በሰፌድ ላይ ማድረቅና ማሸት ነው። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በሻካራ አሸዋ ትንሽ ቢታሽ አብሮ ይበቅላል፤ ሰኔ ላይ በልም አፈር ላይ በስሱ ይበተናል፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም።

ባለፈው ዓመት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ውስጥ ስድስት እናቶች በኅዳር ወር የድንበር ማገጥ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ለሽያጭ እንዳይመስላችሁ፤ ለራሳቸው ጓሮ ነበር። አንዷ እፍኝ ሰጠችኝና በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። የዩኒየናችን መጋዘን ኃላፊ ቢሮ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ «የት ነው የምመዘግበው?» አለኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።